ግመል የሚጫነው ቤትና የስም መጥሪያ መዝገባችን

ባለፈው ተርም መጨረሻ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከአራት ሳምንት በላይ ከትምህርት ገበታ የቀረ ተማሪ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዝ፣ ቦታውም ተራ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጥ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወላጆች ቅን ሰዎች ናቸው። ወንበር አንሶናል፤ ቡቲዬም በየዓመቱ እየሰፋች ነው። ልጁ ተራ እየጠበቀ ባዶ ዴስክ የሚያይ ወላጅ ቢናደድ አይፈረድበትም። ውሳኔው ለጃንዋሪ ስብሰባ ተላልፏል። እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ። በስብሰባው ላይ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ስለማይበቃኝ ምክንያቴን በዚህ የዓመት መጽሐፋችን ላይ አሰፍራለሁ።

መጀመሪያ የሚቀረው ማን እንደሆነ እንይ። ከክፍል ኃላፊዎች ጋር መዝገቡን ይዘን ተቀምጠን ነበር። ታመው የቀሩ አሉ። ድንበሩ ላይ ዕቃ እየተሸከሙ ሳንቲም የሚለቅሙም አሉ፤ የእነሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ረዘም ላለ ጊዜ ከሚቀሩት አብዛኞቹ ግን ቤታቸው ተነሥቶ የሄደባቸው ልጆች ናቸው። ቤታቸው ተነሣ ስል ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም። ቤቱ ፈርሶ፣ ታስሮ፣ ግመል ላይ ተጭኖ ሄዷል፤ ልጁም ከቤቱ ጋር ሄዷል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ቤት ስንል መሠረት፣ ማገር፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው የሚታየን። የሚንቀሳቀስ ነገር ቢጠራልን ታንኳ ይታወሰን ይሆናል፤ የጣና ታንኳ ግን ከደንገል ተሠርቶ፣ ውኃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ እየደረቀ የሚያገለግል መጓጓዣ እንጂ ቤተሰብ የሚያድርበት አይደለም። የሚሄድ ቤት ለማየት ከዚህ ከሞያሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቱርቢ፣ በሁሪ ኮረብቶች፣ በማይኮናና በቻልቢ በረሃ ዙሪያ ያሉ ገብራዎች ቤታቸውን ማንዳሴ ይሉታል፤ የምንጣፍ ቤት እንደ ማለት ነው። አጽሙ የጎበጠ እንጨትና የግራር ሥር ነው። ልብሱ በቃጫ የተሠራ ምንጣፍ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ሸራ፣ ጨርቅና የእርዳታ ጆንያም ይጨመርበታል። ውስጡ ከፊትና ከኋላ ይከፈላል፤ ከፊት እሳትና እንግዳ፣ ከኋላ መኝታ። ሲጫን ደግሞ እንጨቱ ከግመሉ ግራና ቀኝ ታስሮ ራሱ መቀመጫ ይሆናል፤ ሕፃናት፣ አቅመ ደካሞችና አዲስ የተወለዱ ግልገሎች በውስጡ ይሄዳሉ። ማታ ጣራ የሚሆነው እንጨት ቀን ላይ ማጓጓዣ ነው። ስንቶቻችን ቤት እንዲህ ሁለት ሥራ ይሠራል?

ቤቱን የምትሠራውም፣ የምታፈርሰውም፣ ባለቤቷም ሴቷ ናት። ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ ቤት የወጣ እንጨትና ምንጣፍ በአዲሱ ቤት ውስጥ ይገባል። በአማርኛችን ትዳር ለያዙ ሁለት ሰዎች «ጎጆ ወጡ» እንላለን፤ እዚህ ነገሩ ቃል በቃል ነው፣ ጎጆዋ ከእናቷ ጎጆ ተከፍላ ትወጣለች። ላቤል ፕሩሲን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሕንፃ ታሪክ ተመራማሪ በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ስለ አፍሪካ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ባሳተሙት መጽሐፍ ገብራዎችንና ሬንዲሌዎችን አንሥተው፣ የእነዚህ ቤቶች መሐንዲሶች ሴቶች መሆናቸውን በሰፊው አሳይተዋል። የልጆቻችን እናቶች መሐንዲስ ተብለው በመጽሐፍ ሲጻፉ፣ በእኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸው «ዘላን» እየተባሉ ይሰደባሉ። ይህ ቃል በዚህ ትምህርት ቤት እንደ ስድብ እንዳይነገር ከልክያለሁ፤ ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ከመምህርም አፍ ሰምቼዋለሁና ለሁሉም ነው የምናገረው። አርብቶ አደር ማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ልጁን በስሙ መጥራት ነው።

የዚህ ቤት ጥገና በተለይ ይገርመኛል። በቆርቆሮ ቤት የዛገው ምስማር የሚታወቀው ዝናብ ራስ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶም የሚታየው ከዘመመ በኋላ ነው። የምንጣፍ ቤት ግን በተነሣ ቁጥር እያንዳንዱ እንጨት፣ እያንዳንዱ ምንጣፍና እያንዳንዱ ገመድ በባለቤቷ እጅ ያልፋል። የሳሳውን ታያለች፣ የተሰነጠቀውን ትለያለች፣ የሚጠገነውን ታስቀምጣለች፣ የማይጠገነውን እሳት ውስጥ ትከተዋለች። ቤቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም፤ ቁራጭ በቁራጭ ሲታደስ ይኖራል። ለጣራው የሚበቃ ምንጣፍ ለማግኘት ቃጫውን መፈለግ፣ መፋቅ፣ መግመድና መሥራት አለ። የወተት ዕቃውም እንዲሁ ከሥር ክር ተሰፍቶ በጢስ እየታጠነ ይያዛል። ይህ ሒሳብ አለው፣ ልኬት አለው፣ የዕቃ ዕውቀት አለው። በዘጠኝ ዓመቷ ምንጣፍ ስትለካ ያደገች ልጅ ስለ ዙሪያና ስፋት ስንጠይቃት ከጎረቤቷ ቀድማ እጇን ብታወጣ አይገርመኝም።

ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። የምንጣፍ ቤት ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል፣ ጢሱም ዓይን ያቃጥላል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ መጓዝ ነፃነት አልነበረም፤ ሞት ከኋላ እየተከተለ ነበር ጉዞው። በዚያ ድርቅ መጫኛ ግመሉን ያጣ ቤተሰብ ቤቱ ባለበት ቀረ። ከከተማ ዳር ሰፍረው የምናያቸውን ሁሉ «ሠለጠኑ፣ ተረጋጉ» ማለት የሚቀናን ሰዎች ይህን ልብ እንበል። አንዳንዱ የሰፈረው መኪናው መንገድ ላይ እንደ ተበላሸበት ሰው ነው።

እንግዲህ ልጁ ለምን ይቀራል? የመጀመሪያው ተርማችን የሚከፈተው በጃንዋሪ ነው። ያ ወቅት በሀጋያና በጋና ዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ ውኃና ሣር ፍለጋ የሚባባስበት። በወተት የሚኖር ቤተሰብ ወራ ከሚባለው መንደር ከብቱን ወደ ሩቅ ፎራ ይልካል፤ ፎራ የሚሄዱት ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ናቸው። አንዳንዴም ወራው ራሱ ይነሣል። የእኛ የትምህርት ካሌንደር ሲወጣ ይህን ሁሉ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ሁለት ካሌንደር ስላለው ነው የሚቀረው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። እንግሊዝ አገር ጠባብ ጀልባ የሚባል ቤት አለ። ወርዱ ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ርዝመቱ ግን እስከ ሃያ ሁለት ሜትር ይደርሳል። እንዲህ የጠበበው የቦዮቹ የውኃ በሮች ጠባብ ስለሆኑ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ፉክክር ገቢያቸውን ሲያሳንስባቸው፣ የድንጋይ ከሰል ጫኝ ጀልበኞች ብዙዎቹ የመሬት ቤት ኪራይ ትተው ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ ጀልባው አስገቡ። ሦስት ሜትር በሁለት በሆነች ክፍል ውስጥ ምድጃ፣ ታጣፊ አልጋና ቁም ሣጥን ነበር፤ አባት፣ እናትና ልጆች ይኖሩባት ነበር። ዛሬም በእነዚህ ጀልባዎች የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ጥገናው ከማንዳሴ ጥገና የራቀ አይደለም፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ጀልባውን ከውኃ አውጥተው ከታች ያለውን ብረት ይፍቁና እንዳይዝግ ሬንጅ መሰል ጥቁር ቀለም ይቀቡታል፤ ውኃ ይቀዳሉ፣ ለክረምት ማገዶ ይሰበስባሉ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባም በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ ከአሥራ አራት ቀን በላይ በተከታታይ መቆም አይፈቀድለትም። እንግሊዝም በሕግ የታዘዘ ፍልሰት አላት ማለት ነው!

ለእኛ የሚጠቅመው የልጆቹ ታሪክ ነው። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ስለ ጀልባ ልጆች ኑሮ አጥብቆ ከጮኸ በኋላ በ1877 ሕግ ወጣ፣ በ1884 ተሻሻለ። ጀልባዎች ይመዝገቡ፣ የሰው ብዛት ይወሰን፣ ልጆችም ጀልባው በተመዘገበበት ከተማ እንደሚኖሩ ተቆጥረው ይማሩ ተባለ። በወረቀት ላይ መልካም ነበር። ጀልባው ግን የተመዘገበበት ከተማ አይቀመጥም፤ ዛሬ እዚህ ጭነት ያወርዳል፣ ነገ ሌላ ቦታ ነው። ልጁ በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ቀን፣ በሌላው ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ መምህሩ የማያውቀው ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ይረሳል። በዚህ ምክንያት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ጀልበኞች ነበሩ። ቆይቶ በ1930ዎቹ በለንደን ምዕራብ፣ ዌስት ድሬይተን ላይ፣ ኤልስዴል የተባለች ጀልባ ራሷ መማሪያ ክፍል ሆነች። በበርሚንግሃም ደግሞ ለጀልባ ልጆች አዳሪ ቤት ተከፈተ። ያን ጊዜ ግን የጀልባ ጭነት ሥራ ራሱ ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። ሀብታም አገር፣ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሕዝብ ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀበት ልጁ ካለበት ቦታ መጀመር ስላልፈለገ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኬንያ በሕግ ረገድ ከዚያ የተሻለ ጀምራለች። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሕፃን ነፃና ግዴታ የሆነ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ናኮኔክ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአርብቶ አደሮች ትምህርት ብሔራዊ ምክር ቤትም በ2013ቱ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ተቋቁሟል። መምህሩ ከመንደሩ ጋር የሚጓዝባቸው ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤቶችም በሰሜኑ አሉ። እኛ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ነንና ይህ አይመለከተንም የሚሉ ወላጆች አሉ። ሕጉ ሕፃን አለ እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃን አላለም።

አዳሪ ይግቡ የሚለውም ሐሳብ ተነሥቷል። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል እስማማለሁ። የስድስት ዓመት ልጅን ግን ከእናቱ ለይቶ ሸክላ ግድግዳ ውስጥ ማስተኛት ሌላ ነው። እናቱ ጋ ሳለ የሚማረውን ሌላ ማንም አያስተምረውም። በዚህ በኩል ትምህርት ቤት ራሱ ዕዳ አለበት፤ ሴት ልጅ ምንጣፍ መሥራት የምትማርበትን ሰዓት የወሰድነው እኛ ነን፤ በለውጡ የሰጠናት ነገር እንዲመጣጠን ማድረግም የእኛ ሥራ ነው።

መምህራን የሚያነሡት ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተመለሰ ልጅ ክፍሉን ወደ ኋላ ይጎትታል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ መምህር ሃምሳ ልጆች ይዞ ለሦስቱ የተለየ ትምህርት ያዘጋጅ ማለት ከቢሮ ወንበር ላይ ሲናገሩት ቀላል ነው። ስለዚህ ጫናው በመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የሚከተለውን ለጃንዋሪው ስብሰባ አቀርባለሁ። ቤተሰቡ ሊነሣ ሲል ለክፍል ኃላፊው ይናገር፤ ልጁ መጽሐፉንና የስድስት ሳምንት ሥራ የያዘ ደብተር ይዞ ይሂድ። የደረሰበትን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ይሰጠው፤ በሚሄድበት አካባቢ ትምህርት ቤት ካለ በዚያ ይቀመጥ። በመዝገባችን ላይ «ቀሪ» በሚለው ፈንታ «በጉዞ ላይ» ተብሎ ይጻፍ፤ ቦታውም ለአንድ ሙሉ ተርም ይጠበቅለት። ከዚያ በላይ ሳይናገር የቀረ ልጅ ቦታው ቢሰጥ አልቃወምም። ለተመላሾች ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን ማካካሻ በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ራሴ አስተምራለሁ፤ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት፣ ገና አልረሳሁትም።

ሌላም አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የእጅ ሥራን ይጠይቃል፤ እኛም በየዓመቱ ከሱቅ ባለቀለም ወረቀትና ማጣበቂያ ገዝተን ልጆቹ የወረቀት ቤት ይሠራሉ፤ ተርሙ ሲያልቅ ወረቀቱ ቆሻሻ ይሆናል። በሚመጣው ዓመት ለዚህ የተያዘውን ገንዘብ በከፊል ለቃጫና ለእንጨት እናውለው። ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት እናቶች፣ ለድካማቸው ተከፍሏቸው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ማንዳሴ ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ይትከሉ። የአማራውም፣ የቡርጂውም፣ የገሪውም፣ የቦረናውም ልጅ እንጨቱን ይያዝ፣ ምንጣፉን ይለካ፣ ገመዱን ይሰር። ሲጨርሱ ያፍርሱትና በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ገና ይትከሉት፤ ሁለተኛው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ በሰዓት ይመዝግቡ። የሠርቶ ማሳያውን ቀን መምህራኑ ይወስናሉ። እንጨቱን የሚያመጣ መኪና ያለው ወላጅ ካለ ከአሁኑ ለጸሐፊዋ ይንገርልን።