«መጥፋት ምሕረት ነው» ለሚሉ የተሰጠ መልስ

ኃጥእ ከፍርድ በኋላ ለዘለዓለም ይኰነናልን፥ ወይስ እንደ ገለባ ነድዶ ጨርሶ ይጠፋል? ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሰሜን አፍሪቃ የነበረው አርኖብዮስ የክፉዎች ነፍስ በእሳት ተበልታ ታልቃለች ብሎ ጽፏል። ከእርሱ አስቀድሞ የእስክንድርያው አርጌንስ፥ በፈረንጆች አጠራር ኦሪጀን፥ ቅጣት ለማንጻት ነውና በፍጻሜው ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል ወደሚል ተስፋ አዘንብሎ ነበር።

በቅርቡ ዘመን ነገሩ በእንግሊዝ አገር እንደገና ተነሣ። የሎንዶኑ ሰባኪ ጆን ስቶት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ከዴቪድ ኤድዋርድስ ጋራ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የክፉዎች መጨረሻ መጥፋት ነው የሚለው ሐሳብ ከመጻሕፍት ጋራ ሊስማማ ይችላል ሲል በጥንቃቄ ገለጠ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ሃይማኖት ጉባኤ ባወጣው ጽሑፍ፥ ገሃነም የዘለዓለም ሥቃይ ሳይሆን እግዚአብሔርን ፈጽሞ እምቢ ብሎ ወደ አለመኖር መድረስ ነው ወደሚለው አደላ። ምክንያታቸው ይህ ነው፤ ሰባ ዓመት ለተሠራ ኃጢአት መጨረሻ የሌለው ቅጣት ከፍትሕ ሚዛን ይወጣል። ይህ ቃል ከርኅራኄ የወጣ ነውና በስድብ ሊመለስ አይገባም፤ በምክንያት ግን ሊመለስ ይገባል።

መጀመሪያ፥ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ጌታ የጻድቃንን ሕይወትና የኃጥኣንን ቅጣት በአንድ ቃል መትሮአቸዋል። በጽርዕም ቢሆን በግዕዝም ቢሆን «ዘለዓለም» የሚለው ቃል ለሁለቱም አንድ ነው። አንድ ቀንበር የተሸከሙ ሁለት በሬዎች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ትልም አይተልሙም። «ዘለዓለማዊ የተባለው ውጤቱ ስለማይመለስ ነው» ቢሉም፥ ቅጣት ተቀጪን ይሻል፤ ተቀጪው ከሌለ ባዶ ወኅኒ እንጂ ቅጣት አይባልም።

ሁለተኛ፥ ስለ ፍትሕ የሚከራከሩት ሰዎች ፍትሕን ራሷን ያጎድላሉ። ብዙ ሕዝብ የፈጀ ጨካኝና በሚዛን ያጭበረበረ ነጋዴ ሁለቱ እኩል ከጠፉ፥ ፍርዱ የት አለ? ጌታ በሉቃስ ወንጌል 12ኛው ምዕራፍ ብዙ የሚገረፍና ጥቂት የሚገረፍ አገልጋይ እንዳለ አስተምሯል። «ከመጥፋቱ በፊት እያንዳንዱ እንደ ሥራው ይቀጣል» ብለው ቢመልሱ፥ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። ዕዳው በልክ ከተከፈለ፥ ከከፈለ በኋላ ባለዕዳውን ማጥፋት ስለ ምን ነው? ዕዳው ካልተከፈለ ደግሞ፥ መጥፋት ለበደለኛው ማምለጫ ሆነለት፤ የተበደለውም ሰው ጩኸት መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ሦስተኛውና ዋናው ስሕተታቸው፥ የኃጢአትን ዘመን ቈጥረው የልብን እምቢተኝነት አለመቍጠራቸው ነው። ኵነኔ የሚረዝመው ፈራጁ ቂመኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ እምቢታው ስላላለቀ ነው። ይህንም የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገድል ከብዙ ክርክር ይልቅ አጕልቶ ያሳያል። ጣና አጠገብ የተጋደለችው ይህች እናት ፍጥረት ሁሉ እንዲድን ከርኅራኄዋ ብዛት የተነሣ ዲያብሎስን ከፈጣሪው ልታስታርቅ ለመነች። ልመናዋም ስድብ ነው ተብሎ አልተጣለም፤ ይልቁንም ቅዱስ ሚካኤል መርቶ ወደ ሲኦል አደረሳት። የዕርቅን ነገር ስትነግረው ግን ዲያብሎስ እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ጎተታት፤ መልአኩም ከእጁ አዳናት፤ ብዙ ነፍሳትም ከእርሷ ጋራ ወጡ። እንግዲህ ደጁን የዘጋው ማን ነው? ምሕረት እስከ ሲኦል ድረስ ወርዳ ነበር፤ የመለሳት እምቢታ ነው። ቅድስቲቱም ርኅራኄዋን ወደ ጸሎት አዞረችው እንጂ ትምህርቱን ለማሻሻል አላዋለችውም።

ዳሩ ግን ይህ መልስ ለሌሎቹ መኵራሪያ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ስለ ገሃነም ሲሰብኩ ደስ የሚላቸው፥ ጠላታቸውን በአሳባቸው በእሳቱ ውስጥ አስቀምጠው የሚያርፉ ሰዎች አሉ። እነዚህ የፈራጁን ወንበር በድፍረት የነጠቁ ናቸው፤ ስለዚህ ከመጥፋት ሰባኪዎች ይልቅ እነዚህ ይከፋሉ። እነዚያ በርኅራኄ ተሳስተዋል፤ እነዚህ ግን እውነቱን ይዘው ርኅራኄን አጥተዋል።

ደግሞም ሁለቱ ወገን የሚጠቅሱት ያው የማቴዎስ ምዕራፍ በግራ የቆሙትን የሚወቅሰው በምን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። የተራበ አላበሉም፥ የተጠማ አላጠጡም፥ የታረዘ አላለበሱም፥ የታሰረ አልጠየቁም። ስለ እሳቱ ዘመን ምን እንዳመኑ የጠየቃቸው የለም። ስለዚህ ትምህርቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ መልካም ነው፤ በደጁ የተራበ ሰው ሳለ ስለ እሳቱ ዕድሜ ብቻ የሚከራከር ሰው ግን፥ ክርክሩን ቢረታም ፍርዱን አይረታም።