የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ጀልባ ለሌለው ዓሣ አጥማጅ

ይህን እትም ለሲያትል አካባቢ የሳልመን ወቅት የሰጠነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፒንክ የሚባለው ሳልመን ዕድሜው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ፒዩጀት ሳውንድ ወደሚባለው የአካባቢው ባሕር ወደሚፈሱ ወንዞች በብዛት የሚመለሰውም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ነው። ያኔ ጀልባ ለሌለው ሁሉ ተራው ይደርሰዋል።

በኤድመንድስ ከተማ ባሕሩ ላይ በተዘረጋው የማጥመጃ መድረክ አንዱ ሲቀናው ጎረቤቶቹ ቶሎ ብለው ክራቸውን ይጠቀልላሉ። ዓሣውን ከዚያ ከፍታ በክር ብቻ መጎተት ስለማያዋጣ፣ አንዱ በገመድ የታሰረ ክብ መረብ ቁልቁል ይለቅለታል። ማንም ሳይጠይቀው! የዚህን እትም ፎቶግራፎች ስንመርጥ ደጋግሞ የማረከኝ ይኸው መተጋገዝ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በሲያትል ስለሚያልፈው የዱዋሚሽ ወንዝ የቀረበውን ጽሑፍ አደራ አንብቡልኝ። የወንዙ የታችኛው ክፍል በኢንዱስትሪ ዝቃጭ ክፉኛ ተበክሏል፤ እዚያው የሚኖሩትን ዓሦችና ሸርጣኖች መብላት ለጤና አደገኛ ነው። ሳልመን ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ባሕር ውስጥ አሳልፎ በወንዙ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ የጤና ባለሥልጣናት የተሻለው ምርጫ እሱ ነው ይላሉ። ይህን ልዩነት ወንዙ ዳር ዘንግ ይዞ የሚቆም ወገናችን ሁሉ፣ በተለይም ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤተሰብ፣ ሊያውቀው ይገባል።