አፈሩ የእኛ፣ መድኃኒቱስ የማን?

በፍስሐ ገነት የቡናና የእንሰት ማሳ ላይ ዝናብ ሲጥል የሚነሣውን የአፈር ሽታ የማያውቅ የጌዴኦ ልጅ የለም። ያንን ሽታ ከሚያወጡት መካከል ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። እነዚሁ ጥቃቅን ፍጥረታት ሌላውን ጀርም የሚገድል ንጥረ ነገርም ያዘጋጃሉ። አልበርት ሻትዝና ሰልማን ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የሳንባ ነቀርሳ አንቲባዮቲክ፣ ያገኙት ከነዚሁ ነው።

ዛሬ ብዙ ጀርሞች የቀድሞዎቹን መድኃኒቶች ተላምደዋልና አዲስ ፍለጋ የግድ ሆኗል። እኛም የሳይንስ ተማሪዎች አፈሩን ቆፍረን፣ በውሃ አቅጥነን፣ በሳህን ላይ እናበቅላለን። ባክቴሪያው በበቀለበት ዙሪያ ሌላው ጀርም ሞቶ የጠራ ክብ ስናይ ደስ ይለናል። ነገር ግን ክቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ንጥረ ነገሩ መጣራት አለበት፤ ቀድሞ የታወቀ አለመሆኑ፣ ሰውንም አለመጉዳቱ መረጋገጥ አለበት። ይህም ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። የመመረቂያው ጽሑፍ ቀርቦ ባክቴሪያው ከሳህኑ ጋር ከታጠበ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንዳንዶች «መሣሪያ የለንም፤ አፈሩን ላላቸው እንላክ» ይላሉ። እነዚህ ወገኖች የፊሊፒንሱን ሐኪም የአቤላርዶ አጊላርን ነገር ያስቡ። አጊላር እ.ኤ.አ. በ1949 ከአገሩ አፈር ወስዶ ለአሠሪው የአሜሪካ ኩባንያ ላከ። ከዚያ አፈር ኤሪትሮማይሲን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1952ም ለገበያ ቀረበ። አጊላር ግን ከሽያጩ ድርሻ ሳያገኝ ሞተ።

እኛ ከውጭ ሊቃውንት ጋር መሥራትን አንቃወምም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል። እንግዲህ የሚቀረው የእኛ ትጋት ነው። የተገኘው ባክቴሪያ ሁሉ ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ ተጽፎ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ባለማሳውና የሶንጎ ሽማግሌዎች አስቀድመው ይጠየቁ፤ ውጤቱም በቋንቋቸው ይነገራቸው። እዚህ ሊሠራ የማይቻለው ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ሲሄድ በጽሑፍ ውል ይሂድ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከሥሩ የሚኖረውን መመዝገብ የእኛ ፈንታ ነው።