መጀመሪያ ዝንብ ይቅመሰው

በደብረ ብርሃን ዋና መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ጎራ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ዱቄት በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሊያገኝ ይችላል። አንዱ ማወፈሪያ ነው፤ ሌላው ማክሲያ። ሻጩ ሁለቱንም በእኩል ልበ ሙሉነት ይሸጣል። ማክሲያው ላይ «ሜታቦሊዝም ይጨምራል፣ ስብ ያቃጥላል» የሚል ጽሑፍ አለ። «በምን ታወቀ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ መልሱ ያው ነው፦ «ብዙ ሰው ወስዶ ተጠቅሟል።» ወስዶ ያልተጠቀመው ግን ተመልሶ መጥቶ አይናገርም፤ ስለ ገንዘቡ እያዘነ ቤቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ይህን «በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብንሰጣቸው እላለሁ። በሰው ላይ ይሞክሩት ማለቴ አይደለም። በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ይሞክሩት።

ዝንቧን ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ድፍድፍ ላይ የምታንዣብበው፣ ብርሌ ውስጥ ገብታ የምትሰምጠው፣ በተለምዶ ትንኝ የምንላት ቀይ ዓይኗ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ወይም የቅርብ ዘመዷ ናት። የምትወደው ፍሬውን ሳይሆን ፍሬው ሲቦካ የሚራባውን እርሾ ነው። በአረቄዋ በምትታወቅ፣ ዳሽንም ሐበሻም የቢራ ፋብሪካ በተከሉባት ከተማ ደግሞ እርሾ ፍለጋ መንከራተት የለም። ሳይንሱም ቢሆን ይህቺን ዝንብ አይንቃትም። ቶማስ ሃንት ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1933 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በእሷ ላይ በሠራው ሥራ ነው፤ በ2017ም ሦስት አሜሪካውያን የሰውነትን የቀንና የሌሊት ሰዓት በእሷ አጥንተው ተሸልመዋል። በሰው ላይ በሽታ ከሚያስከትሉት ጂኖች ከአራቱ ሦስቱ ያህል እሷም ዘንድ አምሳያ አላቸው።

የሰሜን ሸዋ ሰው ሊኮራበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ፣ ሰላሌ ውስጥ ካለችው ፍቼ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ የተሰበሰቡ ዝንቦች ዛሬ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ይረባሉ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጆን ፑልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ከአፍሪካ የተለያዩ ቦታዎች የመጡ ዝንቦችን ቀለም አነጻጽረው የኢትዮጵያ ደጋ ዝንቦች ከሁሉም የጠቆሩ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ጥቁረቱም በይበልጥ የተያያዘው ከፀሐይ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር ጋር ነው። አካላቸውም ከቆላ ዘመዶቻቸው ይገዝፋል። ብርዱና ፀሐዩ በደገኛ ላይ የሚያደርጉትን በትንኝም ላይ ማድረጋቸው ነው። እንዲህ ዓይነት ዝንብ ጓዳችን ውስጥ እየዞረች ልጆቻችን ስለ እሷ የሚያውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ መሆኑ ያስቆጨኛል። ሥዕሉ ራሱ እኮ ሊያሳስታቸው ይችላል፦ ወንዱን በሆዱ ጫፍ ጥቁረት ለዩት ይላል፤ ሴቲቱም በጠቆረችበት አገር ግን በወንዱ የፊት እግር ላይ ያለችውን ትንሽ የፀጉር ማበጠሪያ መፈለግ ይሻላል።

ሙከራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾ፣ የተፈጨ ሙዝ ተቀቅሎ በጠርሙሶች ይከፈላል፤ አፋቸው በጥጥ ይወተፋል። በአንዱ ምንም አይጨመርም፣ በሁለተኛው ከሚሞከረው ዱቄት ጥቂት፣ በሦስተኛው ብዙ። እኩል ቁጥር ያላቸው፣ ዕድሜያቸው የተቀራረበ ዝንቦች ይገባሉ። ከዚያ ይቆጠራል፦ ስንቱ ሞተ፣ ስንት ዕጭ ወጣ፣ ጠርሙሱ መታ መታ ተደርጎ ወደ ታች ሲረግፉ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ስንቱ ምልክቱን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ የበረታ መምህር ካለ በመርፌ ሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ የሚተነፍሱትን አየር መጠን ሊያስለካቸው ይችላል።

በተግባር ግን የመጀመሪያው ባላጋራ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ይህቺ ዝንብ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል፤ በ18 ዲግሪ ጊዜው እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ዕድገቷ ሊቆም ምንም አይቀረውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ከተማ ያለ ማሞቂያ አይሆንም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ካርቶን ውስጥ አምፖል ያንጠለጥላሉ። ሙከራው በእውነት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ዱቄት ያለበት ጠርሙስ ከአምፖሉ አጠገብ ከተቀመጠ ዝንቦቹ ይፈጥናሉ፣ ቶሎ ያድጋሉ፤ ልጆቹም «ሠራ!» ብለው ይጨፍራሉ። የሠራው አምፖሉ ነው። ይህን የደረሰበት ተማሪ ጠርሙሶቹን በየቀኑ ቦታ ማለዋወጥ ይጀምራል፤ ቀጥሎም ጓደኛውን ጠርቶ ጠርሙሶቹ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብቻ እንዲጽፍና የትኛው ምን እንደሆነ ለቆጣሪው እንዳይነግር ያደርገዋል፤ ዱቄት አለበት ብሎ የሚያምን ዓይን ፈጣን ዝንብ ማየቱ አይቀርምና። ከአንኮበር ወርዶ ከአልዩ አምባ ያመጣውን የቆላ ዝንብ በአንዱ፣ የደብረ ብርሃኑን በሌላው ጠርሙስ የሞላም ዱቄቱን ሳይሆን ዳገቱን ለክቶ ይመለሳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ዱቄቱ መራራ ከሆነ ዝንቧ ምግቡን ትተወዋለች፤ ከስታም ትገኛለች። «ስብ አቃጠለ» የሚባለው ግማሹ ነገር ይኸው ረሃብ ሊሆን ይችላል፤ በሰውም ዘንድ ቢሆን ጠዋት ጠዋት ቁርሱን በሻይ ማንኪያ ዱቄት የተካ ሰው የቀነሰው በዱቄቱ ይሁን በቀረበት ቁርስ ማን ለየው? ለዝንቧ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ምግቡ ላይ ሰማያዊ የምግብ ቀለም ጠብ ማድረግ። የበላችው ሆዷ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ዝንቦቹ በትክክል ፈጠኑ እንበል። ታዲያ ምን ይሁን? ዣክ ሎብና ጆን ኖርዝሮፕ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት እነዚሁ ዝንቦች ሜታቦሊዝማቸው በሚዘገይበት ብርድ ውስጥ ሲቀመጡ በሙቀት ካሉት በብዙ ይረዝማል ዕድሜያቸው። ሜታቦሊዝም መጨመር በራሱ ጤና ነው ያለ ማንም የለም፤ ከማስታወቂያው በቀር። ለሰው ደግሞ የከፋ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለት የስታንፎርድ ሐኪሞች ዳይናይትሮፌኖል የሚባለውን ኬሚካል ማክሲያ ብለው አስተዋወቁ። ያከሳል፤ ያውም በትክክል። የሰውነት ሕዋስ ከምግብ የሚያወጣውን ጉልበት ሥራ ላይ ሳያውል በሙቀት መልክ እንዲበተን ያደርጋል። መጠኑ ጥቂት ሲያልፍ ግን ሰውየው ከውስጥ እየጋለ ይሞታል፤ ከተረፉትም ዓይናቸው ላይ ሞራ ተጋርዶ የታወሩ ነበሩ። አሜሪካ በ1938 አገደችው። ያ መድኃኒት በርግጥ «ይሠራ» ነበር፤ እኔ የምፈራውም ከማይሠራው ዱቄት ይልቅ በድብቅ የሚሠራ ነገር የተቀላቀለበትን ነው።

«በምን ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄ አንኮበር እንግዳ አይደለችም። ተመራማሪው ኤርሚያስ ሉሌካልና ባልደረቦቹ በወረዳው ያሉ አዋቂዎችን ጠይቀው ለሰው በሽታ የሚያገለግሉ ከመቶ በላይ ዕፅዋት መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። የወደድሁላቸው እዚያ አለመቆማቸው ነው፤ ከአንኮበር የተወሰዱትን ዕፅዋት ጭማቂ ቤተ ሙከራ አስገብተው በጀርሞች ላይ ሞከሩት። አንዳንዱ ገደለ፣ አንዳንዱ አልገደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ የሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሞቶ ሲያይ ነገሩን ለወሬ አልተወውም፤ ቆጠረ፣ ለካ፣ ደገመ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ጠጅ አሳላፊው መጀመሪያ በመዳፉ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር። ዝንቧም ከዚያ ቀማሽ ያለፈ ሥልጣን የላትም። ፈጣን መርዝ ካለ ትናገራለች፤ የሰውን ጉበት፣ የሰውን ልብ፣ ነፍሰ ጡርን በሚመለከት ግን ምስክር ልትሆን አትችልም። ተማሪዎቹ «ዝንብ ላይ ሠርቷልና ውሰዱት» ብለው በር ላይ ቢለጥፉ ከሻጩ ጋር አንድ ሆኑ ማለት ነው። ለሰው የሚሸጠውን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠ ነው።

ለመጀመሪያው ሙከራ የምመርጠው የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ነው። ደቡብ ላይ ኮንሶዎች እንደ ጎመን የሚበሉት ስለሆነ ለተማሪ እጅ አያሰጋም፤ ስለ እሱ የማይባል ነገር የለም፤ ጣዕሙም መረር ስለሚል ሰማያዊው ቀለም ሥራ አያጣም። ጊዜው ብርዱ ገር የሚልበት ሚያዝያና ግንቦት ቢሆን ይመረጣል። ዝንብ የሚራባበትን ክፍልና ሁለት ማጉያ መነጽር የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሊያውስ ይችላል። ሻጮቹ ነገሩን ላይወዱት ይችላሉ፤ ፈቃዳቸው ግን አያስፈልግም፤ እንደማንኛውም ገዢ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ በዕቃው ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ደብተር ላይ ማስፈር ይበቃል።