ሰማይ ኢላማ አይደለም

አዲስ ሽጉጥ የገዛ ሰው መሞከር ያምረዋል፤ ይገባናል። የማይገባን አጣዬ መሃል ቆሞ ወደ ሰማይ መተኮሱ ነው። "ለሙከራ ነው" ይባላል። ምኑ ተሞከረ? ሰማይን የሳተ ተኳሽ እስካሁን አልሰማንም! ሽጉጡ ወደ ግራ ይጥል ወደ ቀኝ፣ የያዘው እጅ ይንቀጥቀጥ አይንቀጥቀጥ የሚታወቀው ኢላማ ተተክሎ፣ ከኋላው ጥይቱን የሚውጥ የአፈር ቁልል ሲኖር ነው። አገሩስ የሚያሞግሰው አልሞ ተኳሹን አይደል? ወደ ላይ የሄደው እርሳስ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል፤ በማን ጣራ እንደሆነ ተኳሹም አያውቅም።

አጣዬ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ቤቶቿ በተኩስና በእሳት የጋዩባት ከተማ ናት። እዚህ ተኩስ የሰማች እናት "ሙከራ ይሆን?" ብላ አታጣራም፤ ልጇን አዝላ ትሮጣለች።

"ታዲያ ራሳችንን በምን እንጠብቅ?" የሚል ይኖራል። ከ2013 በኋላ ይህን በሚል ሰው አንስቅም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ቢሆን በፈቃድ መያዝን አልከለከለም። እንግዲያው ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል መተኮሻ ቦታም ይስጥ፤ ከመንደር የራቀ፣ ቀንና ሰዓቱ ቀድሞ ለሕዝብ የተነገረ። እስከዚያው ግን ወንድማችን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሽጉጥህን አትሞክርብን።