የጂንሰንግ ቅጠል ለምን ይጣላል?

ቻይናውያን ጂንሰንግን «ሬንሼን» ይሉታል። «ሬን» ሰው ማለት ነው፤ ሥሩ እጅና እግር ያለው ሰው ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። ዋጋውም ቢሆን ከመልኩ ጋር የተያያዘ ነው። ቅርጹ ያማረ፣ ዕድሜው የገፋ የዱር ሥር እንደ ጌጥ በሣጥን ሆኖ ይሸጣል። ቅጠሉን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በጂሊን ግዛት ጂንሰንግ የሚያለማ ገበሬ ሥሩን ለመንቀል ከ4 እስከ 6 ዓመት ይጠብቃል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ቅጠሉ ብርዱ ሲገባ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ያቆጠቁጣል። አብዛኛው እዚያው እርሻው ላይ ይበሰብሳል።

የሚገርመው፣ ጂንሰንግን ዝነኛ ያደረጉት ጂንሰኖሳይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች በቅጠሉ ውስጥ መኖራቸው ብቻ አይደለም፤ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ቅጠሉ ከሥሩ ይበልጣል። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዝገብም ቅጠሉን ራሱን የቻለ መድኃኒት አድርጎ አስፍሮታል። ነገር ግን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 በእርሻ የለማ ጂንሰንግ በምግብነት እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ የፈቀደው ሥሩን ነው፤ እሱንም በቀን ከ3 ግራም እንዳይበልጥ።

ነገሩ የቅጠል ብክነት ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ጂንሰንግ አንዴ የበቀለበት መሬት ለብዙ ዓመታት ሌላ ጂንሰንግ አያበቅልም፤ አፈሩ ይታመማል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው አዲስ መሬት ይፈልጋል። ያ አዲስ መሬት ደግሞ ለረጅም ዘመን የተገኘው ደን እየተመነጠረ ነው። ከዚያው ማሳ በየዓመቱ ቅጠል መሸጥ ቢቻል፣ ገበሬው ስድስት ዓመት ባዶ እጁን አይቀመጥም፤ ደኑም ፋታ ያገኛል።

ይህ ማለት ግን ነጋዴው ነገ ተነስቶ ቅጠሉን በእንክብል ሞልቶ «ሁሉን ይፈውሳል» ይበል ማለት አይደለም። በቅጠሉ ላይ የተሠራው ጥናት በአብዛኛው በአይጥና በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ነው። የቅጠሉና የሥሩ ጂንሰኖሳይድ ዓይነትና መጠንም ይለያያል፤ በሥሩ የተገኘ ውጤት ለቅጠሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ መጀመሪያ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። ሥሩም ቢሆን እንደ ዋርፋሪን ካሉ ደም አቅጣኝ መድኃኒቶች ጋር አብሮ ሲወሰድ ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁበት ነው።

ስለዚህ ቅጠሉ እንደ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ይፈተሽ። ወጪውን መሸፈን ያለባቸውም ከሥሩ ሲያተርፉ የኖሩት ኩባንያዎች ናቸው እንጂ ገበሬው አይደለም። ለቀማውም ደንብ ይውጣለት፤ ቅጠሉ ገና በለጋነቱ ከተቀጠፈ ሥሩ ይቀጭጫል፣ ገበሬውም ሁለቱንም ያጣል።