መኮሮኒና የአያቴ ቁሌት

ውድ ወላጆችና የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ስለ ምግባችን አስተያየት ጻፉ ስንባል ሌሎቹ ልጆች ስለ ዶሮ ወጥ እንደሚጽፉ አውቃለሁ። እኔ የምጽፈው በታኑር ስለሚጋገር መኮሮኒ በአይብ ነው። እባካችሁ ሳትጨርሱት አትቆጡኝ።

ባለፈው ሻቩዖት፣ ሮቫ አሌፍ ቤታችን የወተት ምግብ ሲዘጋጅ፣ መኮሮኒውን እኔ ልሥራ አልኩ። አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮና በቴክሳስ በኩል ቃሪያና በቆሎ ጨምረው እንደሚጋግሩት አይቼ ነበር። አንዳንዶቹ ሥጋም ያደርጉበታል፣ ያ ለኛ አይሆንም። እነሱ ቃሪያ ካደረጉ እኔ በርበሬ አደርጋለሁ ብዬ ከላዩ ነሰነስኩበት። ከታኑሩ ሲወጣ በርበሬው አርሮ ጠቁሯል፤ ሲበላም ይመራል። አጎቴ «መኮሮኒውንም በርበሬውንም አበላሸኸው» አለኝ። ሁሉም ሳቀ።

አያቴ ግን አልሳቁም። «በርበሬ እንዲህ በደረቁ እሳት አይገባም፤ ቁሌት አታውቅም?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ወጥ ስበላ ኖሬ ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል» ይሉ የነበሩት አያቴ በማግስቱ አጠገባቸው አቆሙኝ። የደቀቀው ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል። ውሃው ሲመጥ ንጥር ቅቤ ይገባል (ለዶሮ ወጥ ከሆነ ዘይት ነው)፤ ከዚያ በርበሬው፣ እንዳያር ውሃ ጠብ እየተደረገበት። «ስንት ደቂቃ?» ብላቸው «ሽታው ይነግርሃል» አሉኝ። እውነትም መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቆይቶ ግን ቤቱን በጥሩ ሽታ ይሞላዋል። ዱቄት፣ ወተትና የተፋቀ ቢጫ አይብ ጨመርን። መኮሮኒውን ጠንከር እንዳለ አውጥተን አዋሃድነው፤ ታኑር ውስጥ ገና ይበስላልና። ከላይ የአያቴን አይብ በትነን ጋገርነው። አጎቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

እናንተ «ልጆቹ ባህላቸውን ትተው ፓስታና ፒዛ ብቻ ይበላሉ» ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን በበዓል ለኛ የሚቀርበው ያለቀ ወጥ ነው። በልተን እንነሳለን፤ እንዴት እንደተሠራ ያየ የለም፣ በተለይ ወንዶቹ።

«ይህ የኛ ምግብ አይደለም» ያለኝም ሰው አለ። መኮሮኒን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት ጣልያኖች ናቸው። የበርበሬ ተክልም ቢሆን መነሻው አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እዚያ ከመድረሱ በፊት በኛ አገር አልነበረም። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ማማሰያውን አስቀመጡ። «ታዲያ የድሮዎቹ ወጡን በምን በሉት?»

«ኮረሪማ ነበራቸው» አልኳቸው። አሁን እሳቸውም ሳቁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ በዶሮ ወጥ አትጀምሩልን። ሥራው ረጅም ነው፣ ትተን እንሄዳለን። ዕለት ዕለት በምንበላው ነገር ጀምሩና ቁሌቱን በእሱ አሳዩን። ወንዶቹንም ጥሩን።

አያቴ ከስግድ ጾም በኋላ ለሚበላው ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን የምከትፈውም የማቁላላውም እኔ እንደሆንኩ ነግረውኛል። ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።